የነከሰችኝ ዓሣ ስሟ ማነው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው እስራኤል፣ ቀይ ባሕር ዳር ያለችው ኤላት ነው፤ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ገጠር ነው። ዋና የተማርኩት በ41 ዓመቴ ነው፣ ያውም ከገዛ ልጄ። ስለዚህ ጥያቄዬ የጅል ቢመስል አትፍረዱብኝ።

አርብ ከሥራ እንደወጣሁ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦዬን ይዤ ባሕር ገባሁ። ጥልቀቱ ከቁመቴ ብዙም አይበልጥም። ድንጋይ ከሚመስለው የባሕር ፍጥረት፣ ከኮራሉ፣ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ነገር ተዘርግቷል። ጣት ጣት የሚያህሉ ለስላሳ ዘንጎች ተሰብስበው፣ ጫፍ ጫፋቸው እንደ ፊኛ ነፋ ብሏል። ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ነው። ውሃው ሲወዛወዝ እሱም ነፋስ እንደመታው የጤፍ ማሳ ይወዛወዛል። ከመሃሉ አንዲት ብርቱካንማ ዓሣ ብቅ አለች። መዳፌ ላይ ብትተኛ ከጣቶቼ አታልፍም። ሁለት ነጭ መቀነት ታጥቃለች፤ አንዱ ከዓይኗ ኋላ፣ አንዱ ወገቧ ላይ። አየችኝና ገባች። ተመልሳ ወጣች። ከዚያ ቀጥ ብላ መጥታ መነጽሬን በአፏ ገጨችው። እጄን ዘርጋ ሳደርግ ደግሞ ጣቴን ነከሰችኝ። አያደማም፤ ጫጩት ያቀፈች ዶሮ ጫር እንደምታደርገው ዓይነት ነው። ግን ደነገጥኩ። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር የእኔን ያህል ሰው ታባርራለች?

ሦስት ነገር ንገሩኝ። ስሟ በአማርኛ ማነው? ልጄ በካርቱን የምታውቃት ዓሣ (ኔሞ) እሷ ናት ወይ? በማሰሮ ይዣት ቤት ብገባስ ትኖራለች?

(ጭማሪ፦ በአራት ቀን 61 መልስ ገብቷል። መሃል ላይ እየገባችሁ ነገሩ ከየት እንደተጀመረ የምትጠይቁ ስለበዛችሁ፣ የተባለውን በራሴ አፍ ላውጋችሁ። የተረሳ ካለ አርሙኝ።)

1ኛው መልስ አምስት ደቂቃ አልቆየም። ይህቺማ ክላውንፊሽ ናት፣ የካርቱኗ ራሷ ናት፣ ጥያቄው ተዘጋ የሚል ነበር። 2ኛው ደግሞ በዓሣ ተነክሶ መድረክ ላይ የሚከስ ሰው አይቼ አላውቅም ብሎ ሳቀብኝ። ይሁን።

3ኛው ላይ ባሕር ዳር ባዮሎጂ የሚያስተምሩ ሰው ገቡ። ከዚህ በኋላ መምህሩ የምላቸው እሳቸውን ነው። በትሕትና ጀምረው 1ኛውን ሙልጭ አድርገው አረሙት። ክላውንፊሽ መሆኗ ልክ ነው። የካርቱኗ ግን አይደለችም። የካርቱኗ ሦስት ነጭ መስመር አላት፤ አገሯም ኢንዶኔዥያ፣ ፊሊፒንስና ሰሜን አውስትራሊያ አካባቢ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ አትገኝም። የክላውንፊሽ ዝርያ በዓለም ላይ ወደ 30 ይጠጋል፤ ቀይ ባሕር ያለው ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የእኔዋ። የሳይንስ ስሟ አምፊፕሪዮን ባይሲንክተስ ይባላል። መምህሩን ያስገረማቸው ይህ ሁለተኛው ቃል ነው። በላቲን ሁለት መቀነት የታጠቀ ማለት ነውና፣ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው ተርጉሞታል አሉ። ቀኑን ሙሉ ኩራት ኩራት ሲለኝ ዋለ።

4ኛው ይህን አልወደደም። ሰውየው በአማርኛ ነው የጠየቀው፣ ላቲን ምን ያደርግለታል ብሎ ተነጫነጨ። ለዓሣ የሳይንስ ስም ማወቅ ጥጋብ ነው እስከማለት ደረሰ። እውነቱን ለመናገር 4ኛው ከዚያ በኋላ በየቦታው እየገባ ሁሉንም የሚያናክስ ሰው ሆኖ ተገኘ። እሷ ነከሰችኝ ብዬ ነው፣ እሱ ግን ባሰ።

በ6ኛው አንዲት እህት ከጅዳ ጻፈች። እሷም አይታታለች። የምትሠራበት ቤት ቤተሰብ በጀልባ ሲዝናና ልጆቹን ለመጠበቅ አብራ ትሄዳለች፤ አንዴ የልጅ መነጽር አድርጋ ከመሰላሉ ሳትርቅ ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ ከታ ነበር። ስለዚህች እህት በኋላ እመለስበታለሁ።

7ኛው የማሰሮውን ጉዳይ ያነሳ የመጀመሪያው ሰው ነው። ዱባይ በየሬስቶራንቱና በየቪላው እየዞረ አኳሪየም (የመስታወት የዓሣ ጋን) የሚያጥብ ልጅ ነው። በማሰሮ የገባች የባሕር ዓሣ ማታውን አታልፍም አለ። ውሃው አየር ያጥረዋል፣ ሽንቷ ራሷን ይመርዛታል። አንዱ ዝቅ ብሎ ውሃ ላይ የወጥ ጨው ብጨምርስ ብሎ ቢጠይቀው፣ በሳቅ ሞትኩ ካለ በኋላ ግን ታግሶ አስረዳው። የባሕር ውሃ ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ አይደለም፤ ማግኒዚየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ሌላውም በልኩ መግባት አለበት። ለዚህ ተብሎ የተቀመመ ጨው ይሸጣል። እሱንም በጥብጦ ዓሣ ወዲያው አይገባበትም፤ ጋኑ ሳምንታት መቆየት አለበት።

ይኸው ልጅ ስለ እንቁላል የጻፈው ግን ከመልሶቹ ሁሉ የወደድኩት ነው። ሱቅ ውስጥ ካሉት የካርቱን ዓሦች ብዙዎቹ ከባሕር የተያዙ ሳይሆኑ ሰው ያራባቸው ናቸው። አንድ ደንበኛው ቤት ጥንዶቹ የተሰበረ የሸክላ ማሰሮ ላይ ይጥላሉ። እንቁላሎቹ መጀመሪያ ብርቱካንማ ሆነው እንደ ምንጣፍ ይደረደራሉ። አባትየው አይርቅም። በክንፉ ያራግብላቸዋል፤ የሞተውን በአፉ እየለቀመ ያወጣል። ቀናት ሲያልፉ በየእንቁላሉ ውስጥ ሁለት ሁለት የብር ነጥብ ይታያል፤ ዓይን ነው። ከዚያ በሳምንቱ ገደማ ጨለማ ሲሆን ይፈለፈላሉ። ልጁ መጀመሪያ ያየ ጊዜ አዝኖላቸው መብራቱን ሌሊቱን ሙሉ አብርቶ አደረ። አንድም አልወጣም። በነጋታው አጠፋው፣ ወጡ። ባሕር ውስጥ ሲሆን የተፈለፈሉት አሥር ቀን አካባቢ በማዕበል ሲንገላቱ ቆይተው ነው መኖሪያ ፍለጋ ወደ ሪፍ (ወደ ኮራሉ ዓለት) የሚመለሱት። አብዛኛው አይመለስም።

8ኛዋ ከአሽዶድ ናት፤ ቁጣዋ ከርቀት ይሰማል። ማሰሮ ያልኩትን አንብባ ሕግ አታውቅም ወይ ብላ ወረደችብኝ። እስራኤል ውስጥ ኮራልና የሪፍ ፍጥረት በሕግ የተጠበቀ ነው። መንካትም ማውጣትም ያስቀጣል፤ ባሕር ዳር የወደቀ የሞተ ኮራል እንኳ ኪስ ውስጥ አይከተትም። ልክ ናት። ለልጄ ብዬ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ተቀበለችኝ፤ ቀጥላም ልጅቷን ወደ ዓሣዋ ውሰዳት እንጂ ዓሣዋን ወደ ልጅቷ አታምጣ አለችኝ። ይህን ራሴ ማሰብ ነበረብኝ።

ከ9 እስከ 17 ያለው ስም ማውጣት ነው። ሰርግ ቤት ይመስላል። አንዱ ቀልደኛ ዓሣ ይሁን አለ፤ ክላውን ማለት ያው ቀልደኛ ነው ብሎ። ሌላው ፊቷ ላይ ቀለም የተቀባች ስለምትመስል ሙሽሪት ትባል አለ። 13ኛዋ ብርቱካን ብላ ሰየመቻት፤ የእህቷ ስም ስለሆነ ቤተሰብ ውስጥ ጠብ ሊነሳ ነው ብላ ደግሞ ሰረዘችው። እኔም አንድ ነገር ወረወርኩ። እዚህ በዕብራይስጥ ሾሻኖን ነው የሚሏት። ቤቷ ደግሞ ሾሻናት ያም ነው፣ የባሕር አበባ። ስሟን ያገኘችው ከቤቷ ነው ማለት ነው።

18ኛው ላይ መምህሩ ተመለሱ። ይህን ስጠብቅ ነበር አሉ። ዘጠኝ መልስ ሙሉ ስለ ዓሣዋ ቀለም ስናወራ፣ ስለዚያ ስለሚወዛወዘው ነገር የጠየቀ ሰው የለም። አበባ አይደለም። ኮራልም አይደለም፣ የኮራል ዘመድ እንጂ። አኔሞኒ ይባላል፤ እንስሳ ነው። እያንዳንዱ ዘንግ ላይ በዓይን የማይታዩ መርዘኛ ቀስቶች አሉ። የነካውን ትንሽ ዓሣ ወግቶ ያደነዝዝና ወደ አፉ ይጎትታል። ለእኛ አገር ሰው ባጭሩ፣ የባሕር ሳማ ነው።

ሳማ ሲሉ ነገሩ ገባኝ። ልጅ ሆኜ አጥር ስዘል ስንቴ ለብልቦኛል። ታዲያ እሷ እንዴት ውስጡ ትተኛለች? መልሱ ሰውነቷን የሸፈነው ዝልግልግ ነው። አኔሞኒው የሚወጋው ነገር መሆኑን የሚለይበትን ምልክት ያንን ዝልግልግ ሲነካ አያገኝም። አዲስ ገቢ ዓሣም ዘላ አትገባም። መጀመሪያ በጅራቷ ጫፍ ትነካዋለች፣ ትሸሻለች፣ ደግሞ በሆዷ ትነካዋለች። ቀስ በቀስ ትላመደዋለች።

ኪራይም ትከፍላለች። ሽንቷና ኩሷ አኔሞኒው ውስጥ ለሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ማዳበሪያ ነው። አልጌዎቹ በፀሐይ ምግብ ይሠሩና ለአኔሞኒው ያካፍላሉ። አኔሞኒ ቆርጦ የሚበላ ቢራቢሮ ዓሣ የሚባል አለ፤ እሷ ታባርርለታለች። ሌሊት ደግሞ አልጌዎቹ ኦክስጅን መሥራት ሲያቆሙ፣ ዘንጎቹ መሃል እየተገላበጠች ውሃውን ታንቀሳቅሳለች። ይህን ከእኔ ማዶ አቃባ ባለው የባሕር ምርምር ጣቢያ በዚህችው ዝርያ ላይ አጥንተውታል፤ በፈረንጆቹ 2013 ታትሟል። ከበረንዳዬ ሆኜ መብራቱ የሚታየኝ ከተማ ነው እኮ።

ከዚህ በኋላ ስሟ ለእኔ ተወስኗል። የሳማ ዓሣ። 19ኛውና 20ኛው ደገፉኝ። 4ኛው አልደገፈም።

21ኛው አንድ ለየት ያለ ነገር ይዞ መጣ። ለዚህች ዓሣ የሳይንስ ስም የሰጣት ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ሰው ነው፣ በ1830። ሰውየው ጥቂት ቆይቶ በ1830ዎቹ መጀመሪያ አገራችን ገብቶ ስሜንና ጎንደርን ዞሯል። ጭላዳን፣ ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ስም ያወጣላቸው እሱ ነው። እኔ ከሰፈሬ ቆሜ የስሜንን ተራራ እያየሁ ነው ያደግሁት። አሁን በሌላ ዳርቻ የነከሰችኝ ዓሣ የስም አባቷ የጭላዳው የስም አባት ሆኖ አረፈው። ይህን ስጽፍ ሽንኩርት አሳርሬያለሁ።

በ23ኛው አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል ሰው ገቡ። ዕድሜያቸው ሰባዎቹን አልፏል፣ ጋሼ እንበላቸው። ምጽዋ ነበሩ። ዳህላክ አካባቢ መርከብ ቆሞ ሲጠብቅ ወጣቶቹ ይዋኙ ነበር፤ ይህቺን ዓሣ በደንብ ያውቋታል። አንድ ትልቅ አኔሞኒ ላይ ሁለቱ ትላልቆች ሲጠብቁ፣ ዙሪያውን ደግሞ ሦስት ነጭ ነጥብ ያላቸው ጥቁር ትናንሽ ዓሦች ጥገኛ ሆነው ሲጫወቱ አይተዋል። የኤላት ዓሣ ብላችሁ አትጥሯት አሉ። ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ ጀምራ ግብፅን፣ ሱዳንን፣ ሳዑዲን፣ ኤርትራን፣ የመንን ይዛ እስከ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ትኖራለች።

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። ጋሼ አንድ ቃል ብቻ ጨመሩ፤ በእኛ ጊዜ የኛ ባሕር ነበር የሚል። ከ24 እስከ 35 ዓሣ የሚባል ነገር አልተነሳም። ወደብ፣ ድንበር፣ በእኛ አቆጣጠር 1983፣ ማን ሸጠ፣ ማን ሞተ። አስመራ ተወልጃለሁ ያለ አንድ ሰው በጨዋነት ጀመረ፣ በሦስተኛው መልሱ ግን እሱም ጋለ። 4ኛው እንደሚጠበቀው ቤንዚን ይዞ ደረሰ። ጋሼ ደንግጠው እኔ የጉርምስና ዘመኔን ነው ያወራሁት ብለው ቢለምኑም የሰማቸው የለም። አሳዘኑኝ። 36ኛው የአወያዩ ነው፤ ስድስት መልስ አጥፍቶ፣ ዓሣዋ ከአኔሞኒዋ ብዙ እንደማትርቅና ወደብ እንደማያስፈልጋት ገልጾ አረጋጋ። ደግነቱ ሳቁ።

ከ37 እስከ 44 ደግሞ ጾም ነው። አንዷ ትበላለች ወይ ብላ ጠየቀች፤ ከዚያ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ተጀመረ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ ይህን ክርክር፣ አልደግመውም። እኔ በበኩሌ ክንፍና ቅርፊት ስላላት በእኛ በአይሁድ ሕግ ትበላለች፤ ግን አንድ ጉርሻ አትሞላም፣ ጎረቤትም ታስቀይማለች ብዬ አለፍኩ።

45ኛው ላይ መምህሩ ወደ ጉዳዩ መለሱን። ከመጀመሪያው ጀምሬ እሷ ስል የቆየሁት ሳላውቅ ልክ ነበርኩ። አንድ አኔሞኒ ላይ ከሁሉ ትልቋና ኃይለኛዋ ሴቷ ናት። ቀጥሎ ባልዋ፣ ከዚያ ያልደረሱ ታናናሾች። ሁሉም ወንድ መሆን የሚችሉ ሆነው ነው የሚያድጉት። ሴቷ ስትሞት ባልዋ ወደ ሴት ይለወጣል፤ ከታናናሾቹ ትልቁ ደግሞ ባል ይሆናል። ሴት ከሆነ በኋላ መመለስ የለም። ሃንስ ፍሪኬ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1977 በጉዳዩ ላይ ጽፏል፤ ካጠናቸው አንዷ ይህቺው ናት።

46ኛው ፈነዳ። ይህ የፈረንጅ ቅስቀሳ ነው፣ ልጆች የሚያነቡት መድረክ ላይ እንዲህ አይጻፍም፣ መምህር ተብዬው ይታገድ አለ። መምህሩ አልተቆጡም። ዓሣዋ ጋዜጣ አታነብም፣ እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው ብለው ባጭሩ መለሱ። 48ኛው ከሁለቱም ወገን ሳይሆን ይልቅ ጥሩ ጥያቄ አመጣ፤ ባልየው ለምን ዝም ብሎ ሌላ ሚስት አይፈልግም? መልሱ ያው ቤቱ ነው። ከአኔሞኒ ርቃ የወጣች ዓሣ መንገድ ላይ የሌላ ዓሣ ምግብ ትሆናለች። ስለዚህ ትዳር ፍለጋ አይኬድም፤ እዚያው ባሉት ይፈታል።

አሁን ወደ ጅዳዋ እህት። 52ኛው የእሷ ነው። ያየችው አኔሞኒ ቡናማ እንዳልነበር ጻፈች። ነጭ ነበር። እንደ ሐበሻ ቀሚስ ድምቅ ያለ ነጭ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ። ብርቱካኗ ዓሣ በዚያ ነጭ ላይ እንዴት ታምር ነበር አለች። የእኔው ለምን ቡናማ ሆነ፣ ቆሽሾ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

መምህሩ 53ኛው ላይ መቼ ነበር ብለው ጠየቋት። የ2023 በጋ መጨረሻ። ከዚያ መልሳቸው ዘገየ፤ ሁለት ሰዓት ያህል። ሲመጣ በጥንቃቄ የተጻፈ ነበር። ቡናማው ጤናው ነው። ቡናማ ያደረጉት ያ የሚቀልቡት አልጌዎች ናቸው። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹ ይወጣሉ፤ አኔሞኒው ነጭ ሆኖ ባዶ ሆዱን ይቀራል። ሙቀቱ ቶሎ ከወረደ ይመለሳል። ካልወረደ ይሟሽሻል፣ ዓሣዋም መደበቂያ ታጣለች። በ2023 በሳዑዲ በኩል በመካከለኛው ቀይ ባሕር ሙቀቱ ለወራት ቆይቶ ነበር። ተመራማሪዎች በተከታተሏቸው ሦስት ሪፎች ላይ ከክላውንፊሾቹ ከ90 በመቶ በላይ ሞተዋል፤ አኔሞኒዎቹም አብዛኞቹ።

እህታችን 54ኛው ላይ የጻፈችው አንድ መስመር ነው። ቆንጆ ነው ብዬ ልጆቹን ጠርቼ አሳየኋቸው እኮ፣ የሚል ነገር። ከዚያ 4ኛው ራሱ ሳይቀር አይዞሽ አላት። የዱባዩ ልጅ ደግሞ ሊያጽናናት ብሎ ሌላ ጥናት አመጣ፤ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ኪምቤ ቤይ በዚያው ዓመት የተለኩ 134 ክላውንፊሾች ነበሩ፣ ከእነሱ 100ው በሙቀቱ ጊዜ ቁመታቸው ራሱ አጠረ። መክሳት አይደለም፣ ማጠር። ያጠሩትም በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ነበር። 57ኛው ይህን የሰማ አያቴም በየዓመቱ ታጥራለች፣ 90 ሞላት ብሎ ቀለደ። ጊዜው ግን የቀልድ አልነበረም፤ ማንም አልሳቀለትም።

58ኛው ላይ እህታችን ተመልሳ እኔን ጠየቀች። የእኔዋ ቤት አሁንም ቡናማ ናት ወይ? ሄደህ እይልኝ አለች።

61ኛው የእኔ ነው። ዛሬ ከሥራ በኋላ ከልጄ ጋር ሄድን። ከድንጋዩ ግራ፣ ሁለተኛው ስንጥቅ። እጃችንን ደረታችን ላይ አጣጥፈን ተንሳፈፍን፤ የአሽዶዷ እህት እንድታውቅልኝ ነው። ቡናማ ናት። ጫፍ ጫፏ ላይ ትንሽ አረንጓዴ አለባት። ዓሣዋ ወጣች፣ እኔን ንቃ አለፈችኝና የልጄን መነጽር ሁለት ጊዜ ገጨችው።